መቶ ቃል ከአሪቻ

እጅግ አጭር ልቦለድ ስለ መጻፍ በጌዴኦ ዞን፣ አሪቻ ለተሰበሰቡ ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ወጣቶቻችሁ ያሰቡት ነገር ቀላል ይመስላል። የፈለገ ሰው ሁሉ ከመቶ ቃል የማይበልጥ አንድ ልብ ወለድ ታሪክ ይጽፋል። ከዚያ ተሰብስቦ በየተራ ያነባል፤ የሌላውንም ያዳምጣል። አንደኛ ሁለተኛ የለም፣ ዳኛ የለም፣ ሽልማት የለም። እኔ የተጋበዝኩት እንዲህ ያለው እጅግ አጭር ልቦለድ እንዴት እንደሚጻፍ እንዳስረዳ ነው። በከተማ ያሉ ወጣቶች «ፍላሽ ፊክሽን» ይሉታል። ስሙ አዲስ ቢሆንም ነገሩ ለዚህ አገር ሰው ባዕድ አይደለም፤ ለምን ባዕድ እንዳልሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

አስቀድሜ ግን ይህ ነገር አሪቻ ላይ በመጀመሩ ለምን ደስ እንዳለኝ ልንገራችሁ። አሪቻ ስማቸው በጽሑፍ ዓለምን ከሚዞሩ የኢትዮጵያ የገጠር መንደሮች አንዷ ናት። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ቡና ቆልተው የሚሸጡ ቤቶች ከረጢታቸው ላይ «ኢትዮጵያ፣ ይርጋጨፌ፣ አሪቻ» ብለው ያትማሉ። ከስሙ ሥር አጭር ጽሑፍ አለ። ቡናው ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር ላይ እንደበቀለ፣ የታጠበ ይሁን ከነገለፈቱ የደረቀ፣ ሲጠጡት የአበባ ወይም የሎሚ ቃና እንዳለው ይናገራል። ቢቆጠር ሃያ ሠላሳ ቃል ነው። ሰው ግን የለበትም። እሸቱን ማን እንደለቀመው፣ ጆንያውን ተሸክሞ ቁልቁለቱን ማን እንደወረደ፣ ማድረቂያው አልጋ ዳር ቆመው የተበላሸውን ፍሬ ሲለዩ የሚውሉት ሴቶች ምን እየተጨዋወቱ እንደሆነ ከረጢቱ አያውቅም። የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ሪያድ በተካሄደው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መዝገቡ ስለ ትልልቆቹ ዛፎች፣ በጥላቸው ሥር ስለሚበቅሉት እንሰትና ቡና፣ ስለተከበሩት ደኖች፣ በተራሮቹ ላይ ስለቆሙት ጥንታዊ ትክል ድንጋዮች ያወሳል። ይህ ለዞኑ ትልቅ ክብር ነው። ነገር ግን መዝገብ የአንድ ሰውን የአንድ ቀን ውሎ አይጽፍም፤ ሥራውም አይደለም። አንዲት እናት ቡናው የተሸጠ ዕለት ማታ ምን እንዳሰበች የሚጽፍ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነው። ለዚያ ደግሞ ሁልጊዜ አምስት መቶ ገጽ አያስፈልግም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ብዙ ሰው እጅግ አጭር ልቦለድ ማለት ረጅም ታሪክ ሆኖ የተቆረጠ ይመስለዋል። እኔ እንደዚያ አላምንም። ታሪክ ሊያጥር የሚችለው ተናጋሪውና ሰሚው አስቀድመው አብረው የሚያውቁት ነገር ሲኖር ነው። አብረው ብዙ ዓመት የኖሩ ባልና ሚስት እንግዳ ፊት በአንድ ቃል ይግባባሉ፤ እንግዳው ምንም አልሰማም። ያ አንድ ቃል ከኋላው ያሳለፉት ዘመን ስላለ ነው የሚበቃው። የመቶ ቃል ታሪክም የሚቆመው ባልተጻፈው ነገር ላይ ነው። ያልተጻፈው አንባቢው ዘንድ ከሌለ ግን ታሪኩ አጭር ሳይሆን ጎደሎ ይሆናል። ለዚህም ነው እንዲህ ያለው ጽሑፍ ከሁሉ ይልቅ በወዳጆች መካከል የሚያምረው። እርስ በርስ የሚተዋወቅ፣ አንድ ሚዛን ላይ የቆመ፣ አንድ ዝናብ የመታው ሰው ከማንም በላይ አጭር ታሪክ መጻፍ ይችላል።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። በዓለም ላይ በብዛት የሚጠቀሰው እጅግ አጭር ታሪክ በእንግሊዝኛ ስድስት ቃል ብቻ ነው። በጋዜጣ ማስታወቂያ መልክ የተጻፈ ሆኖ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ያልተደረገ የሕፃን ጫማ ለሽያጭ መቅረቡን ይናገራል። አሜሪካዊው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ በውርርድ ጻፈው እየተባለ ይወራል፤ እሱ ለመጻፉ ግን ማስረጃ የለም። ከእሱ ዝና በፊትም ተመሳሳይ ሐሳብ ያላቸው ጽሑፎች በአሜሪካ ጋዜጦች ወጥተዋል። ማንም ይጻፈው፣ ታሪኩ የሚሠራው የጋዜጣ ማስታወቂያ ምን እንደሆነ አንባቢው ስለሚያውቅ ነው። ማስታወቂያ አያለቅስም፤ ዕቃና ዋጋ ይናገራል እንጂ። ሐዘኑን አንባቢው ራሱ ያመጣዋል። የጋዜጣ ማስታወቂያ በማያውቅ አገር ይኸው ጽሑፍ ተራ የጫማ ሽያጭ ነው።

ከኛም እንውሰድ። አለቃ ገብረ ሐና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ናቸው፤ ሕዝቡ የሚያስታውሳቸው ግን በጨዋታቸው ነው። አህያ እየነዳ የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ አገኙና «እንደምን ዋላችሁ?» አሉት ይባላል። ታሪኩ ይኸው ነው። ሰውየው አንድ ነው፤ ሰላምታው ግን ለሁለት ነው። ከአክብሮት ነው እንዳይባል «እንደምን ዋሉ» ይባል ነበር። ሰውየው ምን ተሰማው፣ አለቃ ፈገግ አሉ ወይስ አላሉም፣ አህያዋ ምን ጭና ነበር፣ አንዱም አልተነገረም። አያስፈልግማ! አማርኛ የሚናገር ሁሉ አንዲቷን «ችሁ» ሰምቶ የቀረውን ይሞላዋል። ስለዚህ ነው ነገሩ ባዕድ አይደለም ያልኩት። የዚህ አገር ሰው በቅኔም፣ በጨዋታም፣ በሽምግልና ንግግርም ጥቂት ተናግሮ ብዙ ማሰማትን ሲያከብር ኖሯል። «ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» የሚለው ተረት እጅግ አጭር ልቦለድ ለሚጽፍ ሰው ከጠረጴዛው በላይ ሊሰቀል የሚገባ ነው። አንባቢያችሁ ብልህ ነው፤ አትመትሩለት።

የተጻፈ ልቦለድ ግን ወደኛ የመጣው ዘግይቶ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን ሮም ላይ ያሳተሙት በ1900 ዓ.ም. ነው። የአጭር ልቦለድ ጀማሪ ተብሎ የሚጠቀሰው የተመስገን ገብሬ «የጉለሌው ሰካራም» የታተመው ደግሞ በ1941 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ጋዜጦችና እንደ «የካቲት» ያሉ መጽሔቶች ለአጭር ልቦለድ ገጽ ሰጡ፤ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርና አዳም ረታን የመሰሉ ጸሐፍትም በአጭሩ ታሪክ ትልቅ ሥራ ሠሩ። ዛሬ ወጣቱ በብዛት የሚያነበው በስልክ ነው። በስልክ የሚነበብ ጽሑፍ ሁሉ ግን እጅግ አጭር ልቦለድ አይደለም። በሃያ ክፍል እየተቆራረጠ የሚላክ የፍቅር ታሪክ ረጅም ልቦለድ ነው፤ ክፍሉ ማጠሩ ታሪኩን አያሳጥረውም።

በመጠን መታሰር ጸሐፊን ያደኸያል የሚሉ አሉ። አንቶን ቼኾቭን ተመልከቱ። ሞስኮ ውስጥ ሕክምና ይማር የነበረ ወጣት ነው፤ ቤተሰቡን ለመርዳት ለቀልድ መጽሔቶች አጫጭር ታሪክ ይጽፍ ነበር። በሴንት ፒተርስበርግ ይታተም የነበረው «ኦስኮልኪ» የተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ከመቶ መስመር ያልበለጠ ነገር ነበር የሚፈልገው። ቼኾቭ በመጠኑ አማርሯል፤ መግቢያና ስብከት መተውን፣ ሰውን በአንድ ድርጊት ማሳየትን የተለማመደው ግን እዚያ ነው። ጃፓናዊው ያሱናሪ ካዋባታ ደግሞ በ1968 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘ ታላቅ ደራሲ ሲሆን፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ እስከ ሞተበት 1972 ድረስ «የመዳፍ ታሪኮች» ብሎ የሰየማቸውን ከመቶ በላይ እጅግ አጫጭር ታሪኮች ጽፏል። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ በመጨረሻ ዘመኑ ያደረገው ነው። «የበረዶ አገር» የተባለውን የታወቀ ልቦለዱን መልሶ ወሰደና የመዳፍ ታሪክ አደረገው። ዓለም ያደነቀለትን መጽሐፍ በጥቂት ገጽ እንደገና ለመጻፍ የደፈረ ሰው፣ ማጠርን እንደ ድህነት አይቆጥረውም ነበር ማለት ነው።

መቶ ቃል የሚለው ልክም ከወዳጆች ጨዋታ የመጣ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የሳይንስ ልቦለድ አፍቃሪዎች በትክክል መቶ ቃል ያለው ታሪክ መጻፍን ለመዝናኛ ጀመሩት፤ «ድራብል» ብለው ጠሩት። በ1988 መጽሐፍ ሆነ። ጨዋታ ሆኖ መጀመሩ አልጎዳውም። እንዲያውም ማንም ሳይፈራ የሚገባበት በር የሆነው ለዚያ ነው።

መቶው ቃል ግን በአማርኛ ከእንግሊዝኛው መቶ ይሰፋል። «አልነገረችኝም» ብለን አንድ ቃል ስንቆጥር፣ ማን እንዳልተናገረ፣ ለማን፣ ሴት መሆኗን፣ ነገሩም ያለፈ መሆኑን በአንዱ ውስጥ ጨርሰናል። እንግሊዝኛ ለዚህ አራት አምስት ቃል ያወጣል፤ ሴት መሆኗን የሚናገረው ተውላጠ ስምም ከእነዚሁ አንዱ ነው። ወጣቶቻችሁ መቶ ቃል ሲሰጧችሁ በእርግጥ የሰጧችሁ ሰፊ መሬት ነው። በስልክ መልእክት ግን ነገሩ ይገለበጣል። በላቲን ፊደል አንድ የጽሑፍ መልእክት 160 ፊደል ሲይዝ፣ በግእዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ምክንያቱም መልእክቱ የሚላክበት ሥርዓት ለኛ ፊደል ለእያንዳንዱ የበለጠ ቦታ ይወስዳል። ሰባው ፊደል ታሪክ ይይዛል ወይ? ይይዛል። ይህን ተመልከቱ፦

«ቡናው ተሸጠ። ዕዳው ተከፈለ። እናቴ ስለ ቀለበቷ አልጠየቀችም።»

ስምንት ቃል ነው፤ ክፍት ቦታውና አራት ነጥቡ ተቆጥሮ 39 ፊደል። ግማሽ የሚጠጋ መልእክት ገና ተርፎናል። ቀለበቱ የት ሄደ? በመያዣ ተይዟል? ተሸጧል? መቼ? አንዱንም አልጻፍኩም፤ እናንተ ግን ክረምቱን አያችሁት። ቡና ከመድረሱ በፊት ያለው ጊዜ ለቡና ገበሬ ቤት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ክረምቱን መጻፍ አላስፈለገኝም።

አሁን አንድ ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረን እንሥራ። ሥራው የሚታየው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እቆይበታለሁ። ጉዳዩ ሚዛን ነው። አንድ ልጅ አባቱን ለቀማ ያግዛል፤ ካልደረሰው ፍሬ ይቀላቅላል፤ ጣቢያው ላይ ይታያል፤ አባት ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ያደርጋሉ። ብዙዎቻችን ይህን ስንጽፈው መጀመሪያ እንዲህ ሆኖ ይመጣል፦

«ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ መንደር የሚኖሩ አንድ ታታሪ ገበሬ ነበሩ። እኒህ ገበሬ በጥንቃቄያቸው የታወቁ ሲሆኑ ያልቀላ ቡና ለቅመው አያውቁም ነበር። አንድ ቀን ልጃቸው ሲያግዛቸው ሳያውቅ አረንጓዴ ፍሬ ቀላቀለ። መዛኙም ይህን አይቶ በጣም ተናደደ። አባት ግን ልጃቸውን በጣም ስለሚወዱ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ወሰዱ። ልጁም የአባቱን ፍቅር ተረድቶ በጣም አለቀሰ።»

ስህተት የለውም። ሰዋስዉ ትክክል ነው፣ ትምህርትም አለው። ግን ምን አያችሁ? እኔ ያየሁት ነገር የለም። ጆንያ አላየሁም፣ እጅ አላየሁም፣ የማንንም ድምፅ አልሰማሁም። ሁሉም ነገር ተነገረኝ። «በጣም» ሦስት ጊዜ መግባቱም ምልክት ነው፤ ጸሐፊው ቃሉ ይበቃል ብሎ አላመነም። እንግዲህ እንደገና እንጻፈው፦

«አባቴ ጆንያውን ከትከሻቸው አውርደው ሚዛኑ ላይ አስቀመጡ። መዛኙ እጁን እስከ ክርኑ ሰድዶ አንድ እፍኝ ዘገነ። ከቀዩ መካከል አራት አረንጓዴ ፍሬ መርጦ መዳፉ ላይ ደረደረ።

‹ማነው የለቀመው?›

አባቴ ወደ እኔ አልዞሩም።

‹እኔ ነኝ።›

‹እርስዎ?› አለ መዛኙ፤ እኔን እያየ።»

የተቆረጠው ሁሉ የት እንደገባ እንከተለው። አባትየው በጥንቃቄያቸው የታወቁ መሆናቸው «እርስዎ?» በምትለው አንዲት ጥያቄ ውስጥ ገብቷል። መዛኙ ገረመው፤ ስለገረመው ሰውየውን ያውቃቸዋል፤ ስለሚያውቃቸው አላመናቸውም። ያቺው ቃል አክብሮቱንም ተሸክማለች። ቁጣ የሚጠበቅበት ቦታ ላይ አንቱታው አልተነሣም። አባት ልጃቸውን መውደዳቸው «ወደ እኔ አልዞሩም» በሚለው ውስጥ ነው፤ ቢዞሩ ኖሮ ልጁ ይጋለጥ ነበር። የልጁ ለቅሶ ወጥቷል፤ ማን ማልቀስ እንዳለበት አንባቢው ይወስን። «ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ መንደር» የሚለውም ወጥቷል፤ ሚዛኑ ራሱ ቦታውን ይናገራል። የፍሬው ቁጥር አራት የሆነው እንዲሁ አይደለም። አንድ ፍሬ ቢሆን ለማንም ሊያመልጠው ይችላል፤ እፍኝ ሙሉ ቢሆን ማጭበርበር ይመስላል። አራት የልጅ እጅ ነው።

መጨረሻው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ያምረናል። «ማታ ቆጮው ሲቀርብ አባቴ መጀመሪያ ለእኔ ቆረሱልኝ» ብንል ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ብዙ ሰውም ይወደዋል። እኔ ግን አወጣዋለሁ። ሚዛኑ ላይ የቀረው ጥያቄ ለልጁ ከባድ ነው፤ አሁን እውነቱን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፣ አንዱም አልተናገረም። ማታው ሲጨመር ያ ክብደት ይወርዳል፤ ልጁ ይቅር ይባላል፣ እኛም ቀለል ይለናል። እጅግ አጭር ልቦለድ ውስጥ አንባቢውን ቶሎ ማሳረፍ ታሪኩን ያሳንሰዋል ብዬ አምናለሁ።

ይኸው ታሪክ አዲስ አበባ ቢነበብ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። የከተማ ሰው አራት አረንጓዴ ፍሬ ምን ችግር እንዳለው አያውቅም፤ ማጠቢያ ጣቢያ የሚረከበው የቀላውን እሸት ብቻ መሆኑን አንድ ሰው ሊነግረው ይገባል። አንድ ሐረግ ማስገባት ግድ ይሆናል። እዚህ ሲነበብ ግን ያ ሐረግ ትርፍ ነው፤ አንድ የአሪቻ ልጅ ለአሪቻ ሰው ይህን ቢያስረዳ ሰሚውን መናቅ ነው። ስለዚህ ስትጽፉ መጀመሪያ የምትወስኑት ለማን እንደምትነግሩት ነው። እኔ መጀመሪያ እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ እላለሁ። ለሩቅ ሰው የሚጨመረው ማብራሪያ በኋላ ይደርሳል።

ሌሎች ትንንሽ ነገሮችን ቶሎ ቶሎ ልበል። ታሪኩን ዘግይታችሁ ጀምሩ። ከቤት መውጣቱን፣ መንገዱን፣ ሰልፉን ትታችሁ ጆንያው ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ግቡ። ርእሱ ከመቶው ውስጥ ካልተቆጠረ ሥራ ስጡት፤ ጊዜውን ወይም ቦታውን ርእሱ ይሸከምላችሁ። ስም ስታወጡም አስቡበት። የአገራችን ስም ራሱ ታሪክ ነው። ማስረሻ ወይም ምትኬ የሚባል ልጅ ካለ፣ ከእሱ በፊት ያለፈ ወንድም ወይም እህት እንዳለ ሳትናገሩ ሁሉም ያውቃል። «ለካስ ሕልም ነበር» ብሎ የሚያልቅ ታሪክ አትጻፉ። ድንገተኛ መጨረሻ አንባቢን አንድ ጊዜ ያስደነግጣል፤ ሁለተኛ ሲነበብ ግን ምንም የለውም። ጥሩ እጅግ አጭር ልቦለድ ሁለተኛ ሲነበብ ነው የሚከፈተው።

አሁን ሳልናገር ብሄድ የሚቆጨኝ አንድ ጉዳይ አለ። ቅድም የምትተዋወቁ መሆናችሁ ጽሑፉን ያሳጥረዋል ብዬ አመሰገንኩት። ያው መተዋወቅ ግን ሰውን ሊጎዳ ይችላል። በትንሽ ቀበሌ ውስጥ «አንዲት ሴት ባሏ ወደ ከተማ ሄዶ ቀረ» ብላችሁ ብትጽፉ፣ ስም ባትጠሩም ሁሉም ዞሮ የሚያያት አንዲት ሴት ትኖራለች። እሷም ከዚያ ዓይን መሸሻ የላትም። በከተማ ይህ ሐሜት ሆኖ ያልፋል፤ እዚህ ግን ነገ ውኃ ስትቀዳ ትገናኛላችሁ። ስለዚህ ስሜቱን ያዙ፤ የሚታወቅበትን ምልክት ግን ለውጡ። ባሏን ወንድም አድርጉት፣ ከተማውን ሆስፒታል አድርጉት፣ ሴትየዋን ሽማግሌ አድርጓቸው። የመቅረቱ ሐዘን አይጠፋም። ልብ ወለድ የተባለውም ለዚህ ይጠቅማል፤ እውነቱን ለመናገር የማንንም ገመና መግለጥ አያስፈልግም። ጥርጣሬ ካላችሁ ከማንበባችሁ በፊት ለአንድ ትልቅ ሰው ብቻችሁን አንብቡለት። ሶንጎ ላይ የተቀመጡ አባቶች የቱ ቃል ሰላም እንደሚያወርድ፣ የቱ ቂም እንደሚያስቀር የሚያውቁ ናቸው፤ በዚህ ነገር ላይ ከማንኛውም የሥነ ጽሑፍ መምህር የተሻለ ይመክሯችኋል።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር። ከመካከላችሁ ብዙዎች እናታቸው የነገረቻቸውን የሚሰሙት በጌዴኡፋ ነው፤ ትምህርት ቤት ደግሞ በአማርኛም ይጽፋሉ። በመረጣችሁት ጻፉ። በጌዴኡፋ የተጻፈ ታሪክ በዚህ ስብሰባ ላይ እንግዳ መሆን የለበትም፤ ቦታው የእሱ ነው። በአማርኛ እየጻፋችሁ ሳለ ንግግሩ ብቻ በጌዴኡፋ ቢመጣም አትመልሱት። የተባለው ነገር በተባለበት ቋንቋ ሲቀመጥ የራሱ ድምፅ አለው።

መጻፍ የማይችሉ አባቶችና እናቶች አሉ፤ እነሱ ከዚህ ነገር እንዳይወጡ እለምናችኋለሁ። አንድ ተማሪ አጠገባቸው ይቀመጥ፤ እነሱ ይናገሩ፣ እሱ ይጻፍ። ሲያስጽፉ በራሳቸው አነጋገር ይጻፍ እንጂ ወደ ትምህርት ቤት አማርኛ አይቀየር። ከዚያ ቃሉን አብረው ይቁጠሩ፤ የሚቀነሰውን ቃል የሚመርጡት ግን ባለታሪኩ ናቸው። አያቶቻችሁ ለመቀነስ ከእናንተ የበለጠ ድፍረት እንዳላቸው ታያላችሁ።

የማንበቢያው ምሽት ላይ እያንዳንዱ ታሪክ ሁለት ጊዜ ይነበብ። አንድ ጊዜ ሲነበብ ጆሮ ገና እየገባ ነው፤ ሁለተኛው ላይ ነው የሚሰማው። ከንባቡ በኋላ ወዲያው ማጨብጨብ አይኑር። «ጥሩ ነው»፣ «አሪፍ ነው» ማለትም ይቅር፤ ጸሐፊው ከዚህ ምንም አይማርም። በምትኩ አንድ ሰው ምን እንዳየ ይናገር። «እኔ መዳፉን አየሁ»፣ «ልጁ ስንት ዓመቱ እንደሆነ አላወቅኩም»፣ «እዚህ ጋ ሐሳቤ ሄደ»። ይህ ለጸሐፊው ወርቅ ነው፤ ቃሉ የት እንደያዘና የት እንደለቀቀ ያውቅበታል። ጸሐፊው ሲሰማ አይከራከር፣ ምን ለማለት እንደፈለገም አያስረዳ፤ ማስረዳት ከጀመረ ታሪኩ ገና አላለቀም ማለት ነው። «ይህ እውነት ነው ወይ? የማን ታሪክ ነው?» የሚል ጥያቄ ግን አይጠየቅ። ያን በር ከዘጋችሁት ሰው ሳይፈራ ይጽፋል።

ስለ አቆጣጠሩ አስቀድማችሁ ተስማሙ። በሁለት ክፍት ቦታ መካከል ያለው ሁሉ አንድ ቃል ይባል፤ «ቤተ ክርስቲያን»ን እንደ አንድ ትቆጥሩ እንደሆነም አሁኑኑ ወስኑ፤ አለዚያ ምሽቱ በዚህ ክርክር ያልቃል። መቶ አንድ ቃል ይዞ የመጣ ሰው ካለ ግን አትመልሱት። ወረቀቱን መሐል አድርጋችሁ የቱ ቃል ቢወጣ እንደሚሻል አብራችሁ ፈልጉለት።